የቅፍለት ጉዞና የብቻ በቅሎ፦ የታላላቅና የትናንሽ ሮኬት አምጣቂ ድርጅቶች ንጽጽራዊ ታሪክ

በቀድሞ ዘመን ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ደጋ ተነሥቶ ሩቅ ገበያ ለመድረስ የሚያስብ ነጋዴ ሁለት ምርጫ ነበረው። አንደኛው በነጋድራስ ከሚመራ የሲራራ ቅፍለት ጋር መቀላቀል ነው። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ከሽፍታ ይጠበቃል፤ የኬላውም ጣጣ ከብዙዎች ጋር ሲካፈሉት ይቀላል፤ ነገር ግን የሚነሣው ነጋድራሱ ባለበት ቀን፣ የሚያድረው ቅፍለቱ በሰፈረበት ሜዳ፣ ዕቃውን የሚያወርደውም ቅፍለቱ በሚራገፍበት ገበያ ነው። ሁለተኛው ምርጫ የራስን በቅሎ ጭኖ ለብቻ መሄድ ነው። ለብቻው የሚሄድ ነጋዴ ወጪውም አደጋውም በራሱ ላይ ቢወድቅም፣ የጀማን ወይም የወንጪትን ቁልቁለት ወርዶ ቅፍለት ከማይደርስበት መንደር ደጃፍ ድረስ ጭነቱን ያደርሳል።

ይህ ጥንታዊ ምርጫ በዛሬው ዘመን አነስተኛ ሳተላይት ሠርቶ ወደ ጠፈር ለማምጠቅ በሚፈልግ አገር ፊት እንደገና ቀርቧል። ቅፍለቱ ብዙ ሳተላይቶችን በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ታላቅ ሮኬት ነው፤ በቅሎው ደግሞ ጀማሪ ኩባንያዎች ለአንድ ባለ ጭነት ብቻ የሚያዘጋጁት ትንሽ ሮኬት ነው። ኢትዮጵያ እስካሁን ሁለት ጊዜ ከቅፍለቱ ጋር ሄዳለች። ሦስተኛው ጉዞ በየትኛው መንገድ ይሁን የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያሻው ለመሐንዲሱ ብቻ ሳይሆን ሳተላይቷ ለምትመለከተው መሬትና በመሬቱ ላይ ለሚኖረው ገበሬም ነው። ለመልሱ የሚረዳ ታሪክ ደግሞ አለ። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ድርጊቶች ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ ድርጊቶች ዘመን ግን ዓ.ም. ተብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተመልክቷል።)

የኢትዮጵያ ሁለት ጉዞዎች

የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በቻይና ከሚገኘው ከታይዩዋን የማምጠቂያ ጣቢያ በሎንግ ማርች 4 ቢ ሮኬት መጠቀች። የሳተላይቷ ክብደት 70 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ የተሸከማት ሮኬት በሚነሣበት ጊዜ 250 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። የዕለቱ ዋና መንገደኛ ግን እርስዋ አልነበረችም። ሮኬቱ የተዘጋጀው ቻይናና ብራዚል በጋራ ለሠሩት ሲ.ቢ.ኢ.አር.ኤስ. 4 ኤ ለተባለው የመሬት ምልከታ ሳተላይት ሲሆን፣ ይኸውም 1 ቶን ከ700 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ነበር። ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 ከሌሎች ትናንሽ ሳተላይቶች ጋር በተረፈው ቦታ ተሳፍራ 630 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ደረሰች። መልእክቷን የሚቀበለው ጣቢያ የተተከለው በእንጦጦ ተራራ ላይ ነው።

አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከ10 ኪሎ ግራም በታች የምትመዝነው ሁለተኛዋ ሳተላይት ኢ.ቲ. ስማርት አር.ኤስ.ኤስ. በሃይናን ደሴት ከሚገኘው ከዌንቻንግ በሎንግ ማርች 8 ሮኬት መጠቀች። ያ ጉዞ ለሮኬቱ የመጀመሪያው ነበር። አዲስ ሮኬት በመጀመሪያ ጉዞው የመሰናከሉ ዕድል ከፍ ያለ መሆኑን የሙያው ታሪክ ያስረዳል፤ የአውሮፓው አርያን 5 ሰኔ 1996 በመጀመሪያ በረራው ፈንድቶ አራት የሳይንስ ሳተላይቶችን ይዞ መጥፋቱ ለዚህ ምስክር ነው። ሎንግ ማርች 8 ግን ተሳክቶለት ጭነቱን በደኅና አደረሰ።

እነዚህ ሁለት ጉዞዎች በራሳቸው ታላቅ እርምጃ ናቸው። ሆኖም በሁለቱም ጊዜ ቀኑን፣ ምህዋሩንና የጉዞውን ሁኔታ የወሰነው ሌላ ባለ ጉዳይ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ትንሹ ሮኬት አዲስ አይደለም

ስለ ጀማሪ ኩባንያዎች ሲወራ ትንሽ ሮኬት የዚህ ዘመን ፈጠራ መስሎ ይታያል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አሜሪካ በጥር 1958 የላከችው የመጀመሪያ ሳተላይት ኤክስፕሎረር 1 የመዘነው 14 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ከዚያም ስካውት የተባለው በጠጣር ነዳጅ የሚሠራ ባለ አራት ደረጃ ትንሽ ሮኬት ከ1960 እስከ 1994 ከ100 ጊዜ በላይ ተወንጭፏል።

ከስካውት ታሪክ ለምሥራቅ አፍሪካ የሚቀርበው ምዕራፍ በኬንያ ጠረፍ የተፈጸመው ነው። ኢጣልያውያን በፕሮፌሰር ሉዊጂ ብሮልዮ መሪነት በማሊንዲ አጠገብ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሳን ማርኮ የተባለ የብረት መድረክ አቁመው፣ በሚያዝያ 1967 የመጀመሪያውን ሳተላይት ከዚያ አመጠቁ። ቦታው የተመረጠው ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ 3 ዲግሪ ብቻ የሚርቅ በመሆኑ ነው፤ በወገቡ አካባቢ የመሬት ሽክርክሪት ለሮኬቱ በሰከንድ 460 ሜትር ያህል ፍጥነት በነፃ ያበረክትለታልና። ታኅሣሥ 12 ቀን 1970 አንድ ስካውት ሮኬት ከዚሁ መድረክ ተነሥቶ በኤክስ ጨረር ሰማይን የምትመረምር 140 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን የአሜሪካ ሳተላይት አደረሰ። ዕለቱ የኬንያ የነፃነት በዓል ስለ ነበረ ሳተላይቷ ኡሁሩ ተባለች፤ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው። ትንሽ ሮኬት በትክክለኛው ቦታ ሲቆም ምን ሊሠራ እንደሚችል ኡሁሩ አሳየች።

የግል ኩባንያም ቢሆን በአፍሪካ ምድር ቀደም ብሎ ሞክሯል። በ1975 በምዕራብ ጀርመን የተመሠረተው ኦትራግ፣ በሉትስ ካይዘር መሪነት፣ አንድ ዓይነት ቀላል ቱቦዎችን እንደ ጭራሮ በማሰር ርካሽ ሮኬት ለመሥራት አስቦ በዛኢር ሻባ ክፍለ ሀገር ሰፊ ቦታ ተከራየ። በ1977 የመጀመሪያውን ሙከራ አደረገ፤ በ1978 ግን ፕሬዚዳንት ሞቡቱ እያዩ ሦስተኛው ሮኬት ወደቀ። የጎረቤት አገሮችና የታላላቅ መንግሥታት ጥርጣሬ ተጨምሮበት በ1979 ከዛኢር ለመውጣት ተገደደ፤ ከዚያም ወደ ሊቢያ ተሻገረ፤ አንድም ሳተላይት ሳያደርስ ቀረ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የትንሽ አምጣቂ ችግር ገንዘብና ብረት ብቻ አለመሆኑ ነው። የሚነሣበት ምድርና የባለ ምድሩ ፈቃድም ከሮኬቱ አካል አንዱ ነው።

በግል ድርጅት ተሠርቶ ምህዋር የደረሰው የመጀመሪያው ሮኬት ኦርቢታል ሳይንስስ ያዘጋጀው ፔጋሰስ ነው፤ ሚያዝያ 1990 ከአውሮፕላን ክንፍ ሥር ተለቆ ተሳካለት። ከዚህ በኋላ የመጣው ደግሞ በ2002 የተመሠረተው ስፔስ ኤክስ ነው። ዛሬ የታላላቆቹ አውራ የሆነው ይህ ድርጅት ሥራውን የጀመረው ፋልከን 1 በተባለ ትንሽ ሮኬት ነበር። በ2006፣ በ2007ና በነሐሴ 2008 ሦስት ጊዜ ተሰናክሎ፣ አራተኛው መስከረም 28 ቀን 2008 ምህዋር ደረሰ። ሐምሌ 2009 ራዛክሳት የተባለችውን የማሌዢያ ሳተላይት ካደረሰ በኋላ ግን ድርጅቱ ትንሹን ሮኬት ተወው። ምክንያቱም በታኅሣሥ 2008 ናሳ ወደ ጠፈር ጣቢያ ጭነት ለማመላለስ የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ውል ሰጥቶት ስለ ነበረ ነው። የታላቁ ገበያ በር ሲከፈት ትንሹ በር ተዘጋ።

የጋኑና የማድጋው ሒሳብ

ታላቁ ሮኬት በኪሎ ግራም ሲሰላ ለምን ይረክሳል? የምክንያቱ አንድ ክፍል በማንኛውም የደጋ ቤት ጓዳ ውስጥ ይገኛል። አንድ ትልቅ ጋን ለመሥራት የሚፈጀው ጭቃ፣ ያንኑ ያህል ጠላ የሚይዙ ብዙ ማድጋዎችን ለመሥራት ከሚፈጀው ያነሰ ነው። የዕቃው ሆድ በሦስት አቅጣጫ ሲሰፋ ግድግዳው የሚያድገው በሁለት አቅጣጫ ብቻ ነውና። ሮኬትም በአብዛኛው የነዳጅ ጋን ነው። ከዚህ ሌላ መሪው ኮምፒዩተር፣ የደኅንነት መሣሪያው፣ የጣቢያው ኪራይና የሠራተኛው ደመወዝ ሮኬቱ በአሥር እጥፍ ስላደገ በአሥር እጥፍ አያድግም።

ቁጥሮቹ ይህን ያረጋግጣሉ። በ2006 በኒው ዚላንድ በፒተር ቤክ የተመሠረተው ሮኬት ላብ የሠራው ኤሌክትሮን፣ ቁመቱ 18 ሜትር፣ ውፍረቱ 1.2 ሜትር ሲሆን ወደ ዝቅተኛ ምህዋር 300 ኪሎ ግራም ያደርሳል፤ ይህም ከመነሻ ክብደቱ ከመቶ 2 እጅ ያህል ነው። የስፔስ ኤክስ ፋልከን 9 ግን አካሉን መልሶ ለመጠቀም ሳይቆጥብ ከተላከ 22,800 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ከመነሻ ክብደቱ ከመቶ 4 እጅ ያህል ይሸከማል። የኤሌክትሮን የአንድ ጉዞ ዋጋ በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ቢወሰድ፣ ሙሉ ጭነት ሲይዝ አንዱ ኪሎ 25,000 ዶላር ይሆናል። ስፔስ ኤክስ በ2019 ያወጀው የጋራ ጉዞ በ2020 የቀረበበት ዋጋ ግን እስከ 200 ኪሎ ግራም 1 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ኪሎ 5,000 ዶላር ነበር። ዋጋው ከዚያ ወዲህ ከፍ እያለ ቢመጣም ልዩነቱ እንደ ሰፋ ነው።

የምክንያቱ ሁለተኛ ክፍል አካሉን መልሶ መጠቀም ነው። በታኅሣሥ 2015 የፋልከን 9 የመጀመሪያ ደረጃ ጭነቱን ልኮ በእሳቱ ላይ ቆሞ ወደ መሬት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አንዱ አካል ደጋግሞ መመላለስ ቻለ። ጥር 24 ቀን 2021 በአንድ ሮኬት 143 ሳተላይቶች ሲላኩ የቀድሞው ክብረ ወሰን ተሻሻለ፤ እርሱም በየካቲት 2017 የሕንዱ ፒ.ኤስ.ኤል.ቪ. በአንድ ጊዜ ያደረሳቸው 104 ሳተላይቶች ነበር።

ይህ ለውጥ ምን ያህል እንደ ሄደ የሚያሳይ አንድ ድርጊት አለ። የኡሁሩ ሥራ ወራሽ የሆነችውና በኤክስ ጨረር የምትመራመረው አይ.ኤክስ.ፒ.ኢ. የተባለች የናሳ ሳተላይት በመጀመሪያ የተነደፈችው በፔጋሰስ እንድትሄድ ነበር። የምትመዝነው 330 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሆኖም በታኅሣሥ 2021 የተላከችው ያገለገለ አካል ባለው ፋልከን 9፣ ያውም ለብቻዋ፣ ከፍሎሪዳ ነው። ከፍሎሪዳ ተነሥቶ የወገብ ምህዋር ለመግባት ሮኬቱ አቅጣጫውን በብዙ ማዞር ነበረበት፤ ይህ ብዙ ነዳጅ የሚፈጅ ሥራ ነው። ታላቁ ሮኬት ግን ትርፍ ጉልበት ስለ ነበረው ቻለው። በ1970 ትንሹ ሮኬት ከወገብ አጠገብ ቆሞ ያገኘውን ብልጫ፣ ከ51 ዓመት በኋላ ታላቁ በጉልበት ብዛት ወሰደው።

ትንሹ የሚበልጥበት ቦታ

እንዲህ ከሆነ የጀማሪዎቹ ዕጣ መጥፋት ብቻ ነው ወይ? የብዙዎቹ እንደዚያ ሆኗል። በጥር 2021 ምህዋር የደረሰው ቨርጂን ኦርቢት በጥር 2023 ከእንግሊዝ ምድር ያደረገው በረራ ተሰናክሎበት በዚያው ዓመት ሚያዝያ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በኅዳር 2021 የተሳካለት አስትራም በቀጣዩ ዓመት ትንሹን ሮኬቱን አቆመ። ይሁን እንጂ ሮኬት ላብ በግንቦት 2017 የመጀመሪያ ሙከራው ቢሰናከልም፣ በጥር 2018 ተሳክቶለት እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ኤሌክትሮንን ከ50 ጊዜ በላይ ልኳል። በመካከሉ በ2020፣ በ2021ና በ2023 የጠፉበት ጭነቶች ቢኖሩም ደንበኛው አልሸሸም።

ደንበኛው የሚከፍለው ለኪሎው ሳይሆን ለምህዋሩና ለቀኑ ነው። ይህን የሚያስረዳው የናሳ ትሮፒክስ የተባለው ሥራ ነው። ሥራው የውቅያኖስ አውሎ ነፋሶችን በየሰዓቱ ያህል ለመከታተል ትናንሽ ሳተላይቶችን በተለያዩ ምህዋሮች ማሰማራት ነበር። በሰኔ 2022 የመጀመሪያዎቹ ሁለት በአስትራ ሮኬት መሰናከል ጠፉ። የቀሩት አራት በግንቦት 2023 በአንድ ወር ውስጥ በሁለት የኤሌክትሮን ጉዞዎች፣ የአውሎ ነፋሱ ወራት ከመግባቱ በፊት በሚፈለጉት ምህዋሮች ደረሱ። የመጀመሪያው ሁኔታ የርካሹን ጀማሪ አደጋ ያሳያል፤ ሁለተኛው ደግሞ የበሰለው ጀማሪ የሚሰጠውን አገልግሎት ያሳያል። ከብዙ ሳተላይቶች ጋር ወደ አንድ ምህዋር የሚጓዝ ታላቅ ሮኬት ይህን አገልግሎት አይሰጥም።

ሮኬት ላብም ቢሆን በትንሹ ላይ አልተቀመጠም፤ 13 ቶን የሚያነሣ ኒውትሮን የተባለ ሮኬት ለመሥራት ተነሥቷል። ከዚህ የሚታየው ትንሽና ታላቅ የሚባሉት ሁለት ዘሮች ሳይሆኑ፣ በአንድ መንገድ ላይ የሚገኙ ሁለት ማደሪያዎች መሆናቸው ነው። በትንሹ ማደሪያ የቆየ ድርጅት ወይ ይከስራል ወይ ያድጋል፤ ስለዚህ ዛሬ የተዋዋሉት ትንሽ አምጣቂ ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው ሥራ ላይ ስለ መገኘቱ ዋስትና የለም።

ከመንዝ ደጋ ሲታይ

ይህ ሁሉ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐ ቤቴ ምን ይፈይዳል? ከ3,000 ሜትር በላይ በሚወጣው የመንዝ ደጋ የገብሱ ዕድል በበልግ ዝናብና በውርጭ እጅ ነው። በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ሣር ሜዳ ደግሞ ለዘመናት ቄሮ በተባለው የጋራ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሜዳው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ሣሩ ሲደርስ በሽማግሌዎች ውሳኔ ለክዳን፣ ለገመድና ለከብት ይከፈታል። ሥርዓቱ የተቋረጠው የገጠር መሬት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ ነው። አሜሪካዊቷ ላንድሳት 1 በዴልታ ሮኬት የመጠቀችው ሐምሌ 1972 ማለትም በ1964 ዓ.ም. ስለ ነበር፣ የሳተላይት ፎቶግራፍ ታሪክ የተጀመረው ከዚያ አዋጅ በፊት ነው። የደጋን ሣር ማደግና መመናመን በዓመታት መካከል ለማነጻጸር የሚያስችለውም እንዲህ ያለ ያልተቋረጠ መዝገብ ነው።

ፍሬ ነገሩ «ያልተቋረጠ» የሚለው ቃል ነው። የኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 ካሜራ አንድ ነጥብ በመሬት ላይ 13.7 ሜትር በ13.7 ሜትር፣ ማለትም 188 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ አንድ ሄክታር ማሳ በ53 ነጥብ ገደማ ይታያል ማለት ነው። ይህ ማሳን ከግጦሽ ለመለየት የሚበቃ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለች ትንሽ ሳተላይት የምትነደፈው ለጥቂት ዓመታት አገልግሎት ነው። በክረምት ደግሞ ደመናው የካሜራን ዓይን ስለሚጋርድ፣ የጠራ ቀን የሚገኘው ደጋግሞ በመመልከት ብቻ ነው። ስለዚህ አንዲት ሳተላይት በዓይነቷ የቱንም ያህል ብትረቅ፣ ተተኪ ከሌላት መዝገቧ በአጭሩ ይቀራል። የአውሮፓ ሴንቲኔል 2 ሳተላይቶች ጥቅም የጎላው አንድ ነጥባቸው 10 ሜትር ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን፣ በ2015 የመጀመሪያዋ፣ በ2017 ሁለተኛዋ፣ በ2024 ሦስተኛዋ በቬጋ ሮኬት እየተከታተሉ ስለ መጠቁና ምስላቸውም በነፃ ስለሚሰጥ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ቬጋ ራሱ በዚያ ጊዜ ከአውሮፓ ሮኬቶች ትንሹ የነበረ መሆኑ ነው።

የአምጣቂ ምርጫ እንግዲህ በአንድ ቀን ሒሳብ የሚያልቅ አይደለም። ሒሳቡ በአሥርና በሃያ ዓመት ውስጥ ስንት ተተኪ ለማምጠቅ ይቻላል በሚለው መሠራት አለበት። በዚህ መለኪያ ታሪኩ የሚመክረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዘወትራዊው የመሬት ምልከታ የሚካሄደው ብዙዎች በሚጓዙበት፣ ከፀሐይ ጋር በሚስማማው ምህዋር ላይ ስለ ሆነ ቅፍለቱ ይበቃዋል፤ በዚህ የተረፈው ገንዘብ ለተተኪዋ ይውላል። ሁለተኛ፣ የተለየ ምህዋር ወይም የተወሰነ ወቅት ግድ ሲሆን፣ ወይም በድንገት የጠፋችን ሳተላይት በፍጥነት መተካት ሲያስፈልግ፣ ለብቻ በቅሎ መክፈል ብክነት አይደለም፤ ነገር ግን የሚመረጠው በተደጋጋሚ ጉዞ የተፈተነው እንጂ በዋጋ ብቻ የረከሰው መሆን የለበትም። ሦስተኛ፣ ሳተላይቷ ለአንድ ሮኬት ብቻ ተለክታ መሠራት የለባትም፤ ለፔጋሰስ የተነደፈችው አይ.ኤክስ.ፒ.ኢ. በሌላ ሮኬት ለመሄድ ባትችል ኖሮ የተሻለው መንገድ ባመለጣት ነበር።

አምጣቂዎች ይለዋወጣሉ፤ ስካውት አለፈ፣ ፋልከን 1 ተተወ፣ ቨርጂን ኦርቢትም ከሰረ። በባለ ጭነቱ እጅ የሚቀረው ሳተላይቱን የመሥራት ዕውቀት፣ በእንጦጦ ያለው የመቀበያ ጣቢያና ምስሉን አንብቦ ለወረዳው የግብርና ባለሙያ በጊዜው የሚያደርስ ሰው ነው። የመንዝ ነጋዴ አንዱን ዓመት ከቅፍለት ጋር፣ ሌላውን ዓመት በብቻ በቅሎ ሲሄድ የሚያሳስበው ዕቃው ገበያው ሳይፈታ መድረሱ ነበር። የመሐል ሜዳ፣ የራቤልና የዓለም ከተማ ገበሬም ምስሉን ያመጣው ሮኬት ትንሽ ይሁን ታላቅ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የበልጉ ማነስ ዘር ከመዘራቱ በፊት ይነገረው እንደ ሆነ ነው።